የብረት ኮንዲዩትን ከኧርዝ ጋር ማያያዝ፦ ጅማ ላይ ፎቅ ለሚሠሩና ለሚያሠሩ

ጅማ ውስጥ ለኪራይ የሚሠራ ፎቅ መልኩ ይታወቃል። ታች ሱቅ ወይም መጋዘን፣ ከላይ ለቤተሰብና ለተማሪ የሚከራይ ክፍል። ባለቤቱን «ኧርዝ አለው?»፣ ማለትም ከመሬት ጋር የተያያዘ የመከላከያ መስመር አለው ወይ፣ ብትሉት «እንዴታ! ዘንግ አስቀብሬያለሁ» ይላችኋል። ልክ ነው፣ ዘንጉ ተቀብሯል። ከዘንጉ ተነስቶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እስካለው የብረት ኮንዲዩት (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) ድረስ ያለውን መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው የለም። ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የአንድ ዘንግ የመሬት ሬዚስታንስ (ከረንቱን የሚከለክልበት መጠን) 50 ኦም ነው እንበል። ሽፋኑ የተላጠ የፌዝ ሽቦ (ኃይል ይዞ የሚመጣው) ኮንዲዩቱን ነካ፤ ከረንቱ የሚመለሰውም በአፈር ብቻ ነው። 220 ቮልት ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ይመጣል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ለ4.4 አምፔር ደንታም የለው። ኮንዲዩቱ 220 ቮልት ገደማ ተሸክሞ ቁጭ ይላል። መብራቱ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ጉዱ የሚፈላው በባዶ እግሩ ደረጃ የሚያጥብ ሰው ኮንዲዩቱን የነካ ዕለት ነው።

መንገዱ እስከ ምንጩ ድረስ በመዳብ የተያያዘና ጠቅላላ ሬዚስታንሱ 1 ኦም ቢሆንስ? 220 አምፔር ይፈስሳል። ያው ብሬከር በዓይን ጥቅሻ ይወርዳል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ይህ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሽያን ሥራ ነው። የቤት ባለቤት ከሆናችሁ ጽሑፉን ባለሙያውን ለመጠየቅና ሥራውን ለመረከብ ተጠቀሙበት እንጂ ፒንሳ አታንሱ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገራችን የሕንፃ ደንብ ስለ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚናገርበት ክፍል ኢቢሲኤስ 10 ነው። ከታች የምጠቅሳቸው የገመድ መጠኖች ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ አይኢሲ 60364 የሚያዝዛቸው ናቸው።

አንድ ጥያቄ አስቀድማችሁ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አቅርቡ፦ «ለዚህ ሕንፃ በሚገባው መስመር ላይ ኒውትራሉ ከኧርዝ ጋር የሚገናኘው የት ነው? በእኛ መግቢያ ላይ እንድናገናኝስ ይፈቀዳል?» ኒውትራል የከረንቱ መመለሻ ሽቦ ነው፤ መልሱ ብዙ ነገር ይወስናል። መግቢያው ላይ የሚገናኝ ከሆነ ብልሽት ሲፈጠር ከረንቱ በኒውትራሉ በኩል ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል፤ ብሬከሩም ይወርዳል። ካልሆነ መመለሻው አፈር ብቻ ነው። ያኔ ኮንዲዩቱን የቱንም ያህል አሳምራችሁ ብታያይዙት ብሬከር ብቻውን አያድንም፤ አርሲዲ፣ ማለትም ትንሽ ከረንት ወደ መሬት ሲያፈተልክ ኃይል የሚቆርጥ መሣሪያ፣ የግድ ነው። ሳትጠይቁ በራሳችሁ ሥልጣን ኒውትራልና ኧርዝ አታገናኙ።

1. ኃይል ቁረጡ፣ ቆልፉ፣ አረጋግጡ

ባለብዙ ቆጣሪ ሕንፃ ተንኮለኛ ነው። የአንደኛውን ተከራይ ቆጣሪ ታጠፋላችሁ፤ እዚያው ሳጥን ውስጥ የሚያልፈው የጎረቤቱ መስመር ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉ። ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር ካለም እሱንም። ቁልፍ አድርጉበትና ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፉበት፤ ግን በወረቀት ብቻ አትተማመኑ፤ እንጀራ ምጣድ ላይ ያላት ተከራይ ወረቀት አታነብም።

ከዚያ መልቲሜትሩን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቁት ቦታ ሞክሩ። ቀጥሎ የምትሠሩበትን ለኩ። መጨረሻ ላይ ተመልሳችሁ ኃይል ያለበትን እንደገና ለኩ። መሐል ላይ ባትሪው ቢሞትባችሁ የምታውቁት እንዲህ ብቻ ነው። መብራት ያለው ካቻቪቴ ብቻ ይዞ «የለም» ማለት ልማድ ሆኗል። ይቅር።

2. ብረቱን ሁሉ በዓይን ቁጠሩ

ጠመኔ ይዛችሁ ከቆጣሪ ሰሌዳው እስከ ጣሪያ ሂዱ። ሰው ሊነካው የሚችል፣ ውስጡም የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ብረት ሁሉ ምልክት ይደረግበት፦ የብረት ኮንዲዩት፣ የብረት ጃንክሽን ቦክስ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን)፣ የቆጣሪ ሳጥን፣ የየቤቱ ማከፋፈያ ቦርድ፣ የኬብል ትሬይ (ገመድ የሚዘረጋበት የብረት መደርደሪያ)፣ የፓምፕ ሞተር። ሕንፃ ውስጥ የሚገባ የጂአይ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) የውሃ ቧንቧ ካለም ጨምሩት፤ ሽቦ ባይኖርበትም ቮልቴጅ ከቤት ቤት ይዞ ይዞራል።

ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው አብዛኛው ቱቦ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ አይያያዝም፤ የሚያስፈልገው ውስጡ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ መሳብ ብቻ ነው። የብረት ኮንዲዩት የሚበዛው ከግድግዳ ውጪ በሚሄድበት ቦታ ነው፦ መጋዘን፣ ወፍጮ ቤት፣ ደረጃ ሥር፣ ጣሪያ ላይ። ሰው የሚነካውም እሱን ነው።

3. ዘንጉና ዋናው የኧርዝ ባር

ባለ 16 ሚሊ ሜትር፣ መዳብ የተለበጠ የብረት ዘንግ ውሰዱ። የአፈሩ ሬዚስቲቪቲ (አፈሩ ራሱ ከረንት የሚከለክልበት መጠን) 100 ኦም ሜትር ቢሆን 1.5 ሜትር የገባ ዘንግ 60 ኦም ገደማ ይሰጣል፤ 2.4 ሜትር የገባው 40 ገደማ። ማወፈር ብዙም አይጠቅም፤ ማስረዘም ግን ይጠቅማል። ሁለተኛ ዘንግ ስትጨምሩ ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል አራርቁት። እዚያው አጠገቡ መትከል ገንዘብ መቅበር ነው።

ከአዌቱ ወንዝ ዳር ያለ ቦታና የጅሬን ዳገት ላይ ያለ ቦታ እኩል አይለካም። ወቅቱም እኩል አይደለም። ነሐሴ ላይ የጅማ ቀይ አፈር ውሃ ጠጥቶ ስለሚቆይ ቁጥሩ ያማረ ይሆናል። የሚያስተማምነው ጥርና የካቲት ላይ የተለካው ነው።

«ጨውና ከሰል ጨምርበት እንጂ ልጄ» የሚሉ ባለቤቶች አሉ። «ጋሼ፣ ጨዉን ዝናቡ ይዞት ይሄዳል፤ እስኪሄድ ደግሞ ዘንጉን ይበላዋል» በሏቸው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት ከተማ ጨው ቀላጭ መፍትሔ ነው። ቤንቶናይት (እርጥበት የሚይዝ ሸክላ) የተሻለ ነው፤ ረጅም ዘንግ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ሕንፃው ገና መሠረት ላይ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። አርማታው ሳይሞላ በፊት ከመሠረቱ ፌሮ ጋር የሚያያዝ መስመር አውጡ። ቢያንስ 6 ሜትር የሚሆን፣ ተከታታይ ሆኖ አፈሩ ላይ የተቀመጠ መሠረት ውስጥ ያለ ፌሮ ከብዙ ዘንግ የተሻለ ይሠራል፤ ኮንክሪት እርጥበት ስለሚይዝ። ፎርማኑን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩት። አርማታ ከተሞላ በኋላ «እንዲህ ብናደርግ ኖሮ» ዋጋ የለውም።

ከዘንጉ እስከ ዋናው ባር የሚመጣው፣ አፈር ውስጥ የሚሄደው ባዶ መዳብ 25 ስኩዌር (ስኩዌር ሚሊ ሜትር ውፍረት) ይሁን። ዘንጉ ላይ የሚያስረው ክላምፕ በክዳን የሚከፈት ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ። ሲሚንቶ ከለሰናችሁበት ማንም ተመልሶ አያየውም። ዋናው ባር ራሱ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ የመዳብ ባር፣ ከቆጣሪ ሰሌዳው አጠገብ ግድግዳ ላይ ይታሰር። ወደ ሕንፃው የሚወጣው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። የመብረቅ መከላከያ ካለ የእሱም መሬት ከዚሁ ባር ጋር ይገናኝ፤ መብረቁ የሚወርድበት መስመር ግን የራሱ ይሁን። ኮንዲዩት የመብረቅ መንገድ አይደለም።

4. ወደ ላይ የሚወጣው መስመር

ደንቡ ቀላል ነው። ፌዙ እስከ 16 ስኩዌር ከሆነ ኧርዙ ከፌዙ እኩል ይሁን። ከ16 በላይ እስከ 35 ከሆነ ኧርዙ 16፤ ከ35 በላይ ከሆነ የፌዙ ግማሽ። ለምሳሌ ዋናው መስመር 25 ስኩዌር ከሆነ ኧርዙ 16 ነው። ለየቤቱ የሚወጣው 10 ከሆነ ኧርዙም 10። ሶኬት 2.5፣ መብራት 1.5። የውሃ ቧንቧና ሌላ ከውጪ የሚገባ ብረት ከባሩ ጋር የሚያያዝበት ገመድ የዋናው ኧርዝ ግማሽ ይሆናል፤ ከ6 ግን አይነስ። በምሳሌያችን ግማሹ 8 ስለሆነ 10 ይገዛል።

የብረት ኮንዲዩት በሚገባ ከተገጠመ ራሱ ኧርዝ ሊሆን ይችላል የሚሉ ደንቦች አሉ። እኔ ጅማ ላይ አልመክረውም። እርጥበቱ መገጣጠሚያውን ቀስ ብሎ ያዝገዋል፤ አንድ ዳዶ ሲላላ ከዚያ በላይ ያለው ቤት ሁሉ ኧርዝ አልባ ይሆናል። ኮንዲዩቱ ብረት ቢሆንም ውስጡ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ይሳብ፤ ከዚያ ኮንዲዩቱ በየሳጥኑ ከሽቦው ጋር ይያያዝ። ሽቦው ለኮንዲዩቱ ዋስ ነው፤ ኮንዲዩቱም ለሽቦው።

እግረ መንገዴን፦ የአንድ መስመር ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ በአንድ የብረት ኮንዲዩት ውስጥ አብረው ይሂዱ። ፌዙን በአንዱ ቱቦ፣ ኒውትራሉን በሌላው ከነጣጠላችሁ ብረቱ ራሱ ይግላል።

የቀለም ነገርም አለ። በድሮ ሕንፃ ፌዞቹ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ናቸው፤ ኒውትራሉ ጥቁር። በአዲሱ ደግሞ ሰማያዊ ኒውትራል ነው። አሮጌ ፎቅ ላይ አዲስ ወለል ሲጨመር ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገናኛሉ። በቀለም አትመኑ፤ ለኩ።

5. መገጣጠሚያው

ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ኮንዲዩቱን በሴጌቶ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። የውስጡን ስለታም ጠርዝ በሊማ አጥፉ፤ ካልሆነ ሽቦው ሲሳብ ሽፋኑን ይልጠዋል፤ መጀመሪያ የተናገርነው ብልሽት የሚወለደው ከዚያች ጠርዝ ነው። ጥርሱ ንጹሕ ይሁን። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አትጠቅልሉ። የሳኒተሪ ሠራተኛ ለውሃ ይጠቀልለዋል፤ ለኛ ግን ብረትን ከብረት የሚለይ መጋረጃ ነው።

የጃንክሽን ቦክሱ ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ቀለም ከውስጥም ከውጪም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ ብረቱ እስኪያበራ። ኮንዲዩቱን አስገቡ። አንድ ዳዶ ከውጪ፣ አንድ ዳዶ ከውስጥ። ጥርስ ያለው ዳዶ ከሆነ ጥርሱ ወደ ሳጥኑ ይዙር፤ ሲጠብቅ ላሜራውን ይነክሳል። በእጅ ካጠበቃችሁ በኋላ በቁልፍ ጨምሩበት። ከዚያ ሽቦውን ከጠርዙ የሚጠብቀውን ቡሽ ግጠሙ። ሳጥኑ ባለ ብዙ ክብ ቀዳዳ፣ ማለትም እየተመታ የሚሰፋ ዓይነት ከሆነ፣ የቀሩት ክቦች የተያያዙት በቀጫጭን ነጥቦች ብቻ ነው። በነሱ አትተማመኑ፤ ከኮንዲዩቱ ክላምፕ እስከ ሳጥኑ የኧርዝ ቡሎን አጭር ሽቦ ጨምሩ።

አሁን ሳጥኑ ውስጥ። ለኧርዝ የራሱ ቡሎን ይኑረው። ክዳኑን በሚያስረው ብሎን አትጠቀሙ፤ ክዳን ይከፈታል፣ ያኔ ኧርዙም አብሮ ይፈታል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የተፈገፈገ ላሜራ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ፣ ላግ (ሽቦው ጫፍ ላይ የሚጨመቅ ባለ ቀዳዳ ማያያዣ)፣ ጠፍጣፋ ሮንዴላ፣ ዳዶ። ላጉን በመጭመቂያው መሣሪያ ጨምቁት፤ በፒንሳ የተጨፈለቀ ላግ ዛሬ ይይዛል፣ ከጊዜ በኋላ ይላላል። አንድ ላግ ላይ አንድ ሽቦ። ወደ ላይ የሚቀጥለው ኧርዝ እዚያ ቡሎን ላይ ተቆርጦ እንዳይንጠለጠል፤ አንድ ቡሎን ስለተፈታ ላይኛው ፎቅ መራቆት የለበትም። ከተያያዘ በኋላ ሽቦውን ያዙና ሳብ አድርጉ። ከተንቀሳቀሰ እንደገና።

ሁሉም ሲያልቅ የፈገፈጋችሁትን ቦታ ከውጪ በኩል ቀለም ቀቡት። መጀመሪያ ንክኪው፣ ቀጥሎ ቀለሙ። ብዙ ሰው ገልብጦ ይሠራዋል። ከቤት ውጪ በሚሠራው ላይ መዳብ በቀጥታ ጋልቫናይዝድ ብረት ላይ አይረፍ፤ ዝናብ ሲያገኘው ዚንኩ ያልቃል። ቆርቆሮ የተለበጠ ላግ ወይም የናስ ክላምፕ ይሁን።

6. ፕላስቲክና ብረት ሲቀላቀሉ

ግድግዳ ውስጥ በፕላስቲክ መጥቶ ደረጃ ላይ ሦስት ሜትር ብረት ሆኖ፣ እንደገና ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ መስመር ታገኛላችሁ። ያ ሦስት ሜትር ብረት ከምንም ጋር አልተያያዘም። ከሁሉ የሚከፋው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሰው የሚደገፈው እሱን ነው። በክላምፕ ያዙትና ውስጡ ከሚያልፈው ኧርዝ ጋር በቅርቡ ባለው ሳጥን አገናኙት። በፕላስቲክ መሐል የተቀመጠ የብረት ቦክስም እንዲሁ።

ተጣጣፊ የብረት ቱቦ፣ ለፓምፕ ወይም ለወፍጮ ሞተር የሚገጠመው፣ ኧርዝ ተደርጎ አይቆጠር። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይከፋፈታል። የራሱ ሽቦ ይሂድለት። ሕንፃው የማስፋፊያ ክፍተት ካለውም ኮንዲዩቱ ክፍተቱን ሲሻገር ላላ ያለ ገመድ ድልድይ ይደረግለት።

7. የየቤቱ ማከፋፈያ ቦርድ

በየቤቱ ቦርድ ውስጥ ሁለት ባር ይኑር፤ የኒውትራሉ ከሳጥኑ በፕላስቲክ የተለየ፣ የኧርዙ ሳጥኑን የነካ። ሁለቱ እዚህ አይገናኙ። በቃ። «ለማጠናከር» ብሎ አጭር ሽቦ የሚያስር ባለሙያ አይጠፋም። ያኔ የተከራዩ የሁልጊዜ ከረንት በኒውትራል ብቻ መመለሱ ቀርቶ በኮንዲዩቱና በኧርዙም ይከፋፈላል። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ ደግሞ ሁሉም የብረት ኮንዲዩት፣ ያልበደለው ጎረቤት ቤት ያለው ጭምር፣ ነፍስ ይዘራል። አርሲዲውም ያለ ምክንያት የሚመስል መውረድ ይጀምራል፤ ከዚያ ተከራዩ ሲማረር አንዱ መጥቶ አርሲዲውን ያልፈዋል።

አርሲዲ ለየቤቱ ባለ 30 ሚሊ አምፔር። መግቢያ ላይ ባለ 300፣ ዘግየት ብሎ የሚወርደው ዓይነት፤ አለዚያ የአንድ ቤት ችግር ፎቁን ሁሉ ያጨልማል።

8. ምጣድ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 4 ኪሎዋት 18 አምፔር አለፍ ይላል። የራሱ መስመር ይሁንለት፤ 4 ስኩዌር፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ ኧርዙም 4። የምጣዱ ላሜራ ኧርዝ ከሌለው ሊጥ ሲፈስስበት፣ ሽቦው ሲሰነጠቅ፣ ላሜራው ኃይል ይይዛል። ላሜራው ላይ ቡሎን አስበስታችሁ ልክ እንደ ሳጥኑ ሥሩት።

ሶኬቱንም እዩ። ጎንና ጎን ያሉት ሁለት የኧርዝ ምላሶች ብዙ ጊዜ ቀለም ተቀብተው ይገኛሉ፤ ቀቢው ሶኬቱን ሳይሸፍን ሮለሩን ይለቅበታል። ቀለሙን ፋቁት። ሁለት እግር ብቻ ያለው ሶኬት የተገጠመለት ምጣድ ካያችሁ ገመዱን ከነሶኬቱ ቀይሩት። ለሻወር ማሞቂያም ያው ነው።

9. ለኩ

መጀመሪያ ተከታታይነት፣ ማለትም የኧርዙ መስመር ሳይቋረጥ መያያዙ። ኃይሉ እንደጠፋ ነው። ረጅም ሽቦ ከዋናው ባር አንሱ፤ መለኪያውን ከሽቦው ጋር አገናኝታችሁ የሽቦውን የራሱን ኦም ቀንሱ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ፎቅ፣ መጨረሻው ሳጥን ድረስ። 2.5 ስኩዌር መዳብ በሜትር 7.4 ሚሊ ኦም ገደማ ነው፤ 30 ሜትር ከሆነ 0.22 ኦም። ከዚህ ብዙ የራቀ ካገኛችሁ አንድ መገጣጠሚያ ላይ ችግር አለ። ሳጥን በሳጥን ወደ ኋላ ተመለሱ። አንድ መገጣጠሚያ ብቻውን 0.05 ኦም ካለፈ ፈትታችሁ ሥሩት።

ቀጥሎ ኢንሱሌሽን፣ ማለትም የሽቦው ሽፋን። ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ ተነቅሎ በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ)፤ በፌዝና በኧርዝ መካከል ከ1 ሜጋ ኦም በታች አይሁን። አዲስ ሥራ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ከዚያ ዘንጉ። ከባሩ ተለይቶ፣ ኃይል ጠፍቶ፣ በሁለት ረዳት ካስማ። የመሐሉን ካስማ የሩቁን ርቀት 62 በመቶ ላይ ትከሉት፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታንቀሳቅሱት ቁጥሩ ብዙ ካልተለወጠ ትክክል ነው። ዘንጉን መልሳችሁ ማሰር እንዳትረሱ።

መጨረሻ ላይ ኃይል መልሳችሁ የሉፕ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም የብልሽት ከረንት ሄዶ የሚመለስበት መንገድ ጠቅላላ ኦም። ሲ ዓይነት 16 አምፔር ብሬከር በእርግጠኝነት በቅጽበት የሚወርደው በ160 አምፔር ነው፤ 220 ለ160 ሲካፈል 1.37 ኦም። ገመድ ሲሞቅ ስለሚጨምር 80 በመቶውን ያዙ፣ 1.1 ኦም። ከዚያ በላይ ካነበባችሁና አርሲዲ ከሌለ ተከራይ አታስገቡ። አርሲዲውን በመሣሪያ ፈትኑት፤ በ30 ሚሊ አምፔር ከ300 ሚሊ ሰከንድ ሳያልፍ መውረድ አለበት። ቁልፉን መጫን ውስጡን ብቻ ነው የሚፈትነው፤ ኧርዛችሁ ኖረም አልኖረም ይወርዳል።

ቁጥሮቹን በየቤቱና በየሳጥኑ ጻፉ። ቀንና ወር ጨምሩበት። ወረቀቱን በፕላስቲክ አድርጋችሁ የቆጣሪ ሰሌዳው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት፤ የካቲት ላይ የሚመጣው ባለሙያ የሚያወዳድረው ከሱ ጋር ነው።